ከእርስዎ የደበቅነውን ልንገርዎ

ኅዳር 6 ቀን
አዲስ አበባ

ይድረስ ለማከብርዎና ለምወድዎ አባቴ፤

ከተለያየን ጀምሮ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ይህን ደብዳቤ በታናሽ ወንድሜ እጅ የላክሁት፣ በስልክ ልነግርዎ ሦስት ጊዜ ደውዬ ሦስቱንም ጊዜ ስለ ጤፉ አጨዳ ብቻ ጠይቄ ስለ ዘጋሁ ነው። መነጽርዎን አድርገው፣ ዳዊት በሚደግሙበት ሰዓት ብቻዎን ሆነው እንዲያነቡት እለምንዎታለሁ።

ባለፈው ወር እዚህ መጥተው ሲመረመሩ «ደም ማነስና የወገብ ሕመም ነው» አልንዎት። ሁለቱም አሉብዎት፤ የሁለቱም ምክንያት ግን አንድ ነው፤ እሱን ደበቅንዎት። ሕመምዎ መልቲፕል ማይሎማ የሚባል የደም ካንሰር ነው። ታላቅ ወንድሜ በሆስፒታሉ ኮሪደር ወደ ጎን ወስዶ «ከሰማ ተስፋ ይቆርጣል፤ ለሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም» ሲለኝ እሺ አልሁ። ያለው ከፍቅር ነው፤ እንዳይቆጡት። ነገር ግን ለአገሩ ሁሉ መርዶ የሚያረዱ፣ የተጣላ ሲያስታርቁ እውነቱን ፊት ለፊት የሚናገሩ ሰው፣ ስለ ገዛ አጥንትዎ የማያውቁ እርስዎ ብቻ ሆነው መቅረትዎ እንቅልፍ ነሣኝ። ከዳሌዎ መቅኔ የተቀዳ ዕለት በአንድ እጅዎ የአልጋውን ብረት ጨብጠው የጋቢዎን ጫፍ በጥርስዎ ነክሰው ነበር፤ ሐኪሟ «አመመዎት?» ስትልዎ «ሥራሽን ሥሪ፣ ልጄ» አሏት። ያን ሥቃይ የታገሡበትን ምክንያት ሳንነግርዎ ወደ አገር ቤት መሸኘታችን አሁንም ያሳፍረኛል።

ሐኪሟ እንዳስረዳችኝ፣ ደም የሚመረተው በአጥንት ውስጥ ባለው መቅኔ ነው። እዚያው መቅኔ ውስጥ ሰውነትን ከበሽታ የሚከላከል ፕሮቲን የሚሠሩ ፕላዝማ ሴሎች የሚባሉ አሉ፤ ከእነሱ መካከል የተበላሸው ያለ ልክ ይባዛል። በስንዴ ማሳ እንደ በቀለ እንክርዳድ ደኅናውን ያጨናንቀዋልና ደም ያንሳል፤ አጥንትን ይበላል፤ የሚሠራው የማይረባ ፕሮቲንም ኩላሊትን ይጎዳል። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም፤ የልጅ ልጆችዎን እንደ ልማድዎ ይቀፉ። የእርግማን ወይም የኃጢአት ውጤት ነው የሚልዎ ሰው ቢመጣም አይስሙት።

ክረምት ላይ ወገብዎ ሲነሣብዎ ወጌሻው በቅቤ አሽቶ እንደተጫነዎ፣ አላስችል ሲልዎም የማስታገሻ መርፌ በተደጋጋሚ እንደተወጉ አውቃለሁ። በራጁ ላይ ከጀርባዎ አጥንቶች አንዱ ተጨፍልቆ አይተናል። ማንም በጊዜው አላወቀምና ማንንም አልወቅስም። ከእንግዲህ ግን ጀርባዎን ማንም እንዳያሽ፣ ጆንያ እንዳያነሡ፣ ሞፈርና ቀንበርም እንዳይሸከሙ አደራ እላለሁ። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች ኩላሊትዎን ይጎዳሉ፤ የሐበሻ መድኃኒትም ሐኪሟ ሳታውቅ አይጠጡ።

ሕክምናው የሚጀመረው ኅዳር 17 ቀን ነው። ቦርቴዞሚብ የሚባል መርፌ በሳምንት አንድ ጊዜ ሆድዎ ላይ ከቆዳ ሥር ይወጋሉ፤ ሌናሊዶማይድ የሚባለውን እንክብል 21 ቀን ውጠው 7 ቀን ያርፋሉ፤ ዴክሳሜታሶን ደግሞ በሳምንት አንድ ቀን ጠዋት፣ ምግብ ከቀመሱ በኋላ የሚወሰድ ነው። በዚያ ቀን ሌሊት እንቅልፍ ሊርቅዎ ይችላል፤ አይደንግጡ። እግርዎን ከነዘረዎ ወይም ከደነዘዘዎ ግን «ያልፋል» ብለው አይቻሉት፤ ቶሎ ከተነገረ የመርፌው መጠን ይቀነሳል። ደም እንዳይረጋ አስፕሪን፣ አልማዝ ባለጭራ እንዳይወጣብዎም አሲክሎቪር ይሰጥዎታል። ማርቆስ ያለችው እኅቴ እርጉዝ ስለሆነች ሌናሊዶማይድ የሚባለውን እንክብል በእጇ እንዳትነካው፤ ለፅንስ አደገኛ ነው።

እጅግ የሚያስጨንቀኝ ጾሙ ነው። የነቢያት ጾም ኅዳር 15 ይገባል፤ እርስዎም ከልጅነትዎ ጀምሮ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ እንኳ ሳይቀምሱ መጾምዎን አውቃለሁ። ዘንድሮ ግን ኩላሊትዎ ቀኑን ሙሉ ውኃ ይፈልጋል፤ ሐኪሟ ባለ ሁለት ሊትሩን ሃይላንድ በየቀኑ እንዲጨርሱ አዛለች። ለሕመምተኛ ጾም እንደሚቀልለት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ። ስለዚህ ከመምጣትዎ በፊት የነፍስ አባትዎን እንዲያማክሩ እለምንዎታለሁ፤ ምግቡ የጾም ቢሆን ችግር የለውም፣ ሰዓቱና ውኃው ብቻ ይፈቀድልዎ። ጠበሉንም ይጠመቁ፤ መድኃኒቱን ግን ስለ ጠበሉ ብለው እንዳያቋርጡ።

ሌላው ትኩሳት ነው። በሽታውም ሕክምናውም የሰውነትዎን መከላከያ ያዳክማሉና፣ ሙቀትዎ 38 ከደረሰ ወይም ብርድ ብርድ ካለዎ «ምች ነው» ተብሎ በዳማከሴ የሚታለፍ አይደለም፤ ሌሊትም ቢሆን ቀስቅሱኝ፣ ወዲያው ሆስፒታል እንሄዳለን።

ይድናል ወይ ብለው እንደሚጠይቁኝ አውቃለሁ። ሐኪሟ ጨርሶ ይነቀላል አላለችኝም። መድኃኒቱ በብዙ ሰው ላይ በሽታውን እንደሚያስተኛው፣ ሕመሙ እንደሚቀልልና ዓመታት በደኅና መኖር እንደሚቻል፣ ተመልሶ ሲነሣም ሌላ መድኃኒት እንደሚሞከር ነግራኛለች። ከዚህ የተሻለ ሰምቼ የቀነስሁት፣ የከፋም ሰምቼ የደበቅሁት የለም።

ስለ ወጪው አያስቡ። ልጆችዎ ተከፋፍለነዋል፤ ቦራው በሬ እንዳይሸጥ። የቀረውን አጨዳ ወንድሜ ከወንፈል ጓደኞችዎ ጋር ይጨርሰዋል።

ኅዳር ሚካኤልን አንግሠው በማግሥቱ ይነሡ፤ ማርቆስ እኅቴ ዘንድ አድረው በነጋታው ይምጡ። የአውቶቡሱ የኋላ ወንበር የአባይን በረሃ ሲወርድ ስለሚያነጥር፣ ከሹፌሩ ኋላ ያለውን እንዲይዝልዎ ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። አልጋዎን በመስኮቱ በኩል አድርጌዋለሁ፤ የጠዋት ብርሃን ስለሚገባ ዳዊትዎን ያለ መብራት ማንበብ ይችላሉ።

እማዬን ሳሙልኝ።

ልጅዎ