እማዬ፣ ክኒኑን አታቋርጪ

አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን

ይድረስ ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ከርመሻል? የጎንደር ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ደብዳቤውን ነገ በአውሮፕላን በሚመጣው በጎረቤታችን ልጅ እልከዋለሁ፤ እህቴ ታነብልሻለች። በስልክ ይህን ጉዳይ ባነሣሁ ቁጥር ወሬ እየቀየርሽ ስላስቸገርሽኝ ነው የጻፍሁት።

ከእሁድ ጀምሮ ጸበል እንደምትገቢ፣ ክኒኖችሽንም በዚያው እንደምታቆሚ ሰማሁ። «መርፌውና ክኒኑ ተባብረው አቃጠሉኝ» ብለሻል አሉ። የደረሰብሽን ነገር አልክድም። በኅዳር የኮሮናን ክትባት ተወጋሽ፤ በአሥረኛው ቀን አልማዝ ባለጭራ ከጀርባሽ ተነሥቶ በጎንሽ ዞረ። ተከተቢ እያልሁ በስልክ የወተወትሁሽ ደግሞ እኔ ነኝ። ሌሊቱን ሙሉ ስታቃስቺ እንደምታድሪ በተነገረኝ ቁጥር ይኸው ያንገበግበኛል።

ጎረቤቶች ሸረሪት ሄዶባት ነው ይላሉ። አልማዝ ባለጭራ ግን ከውጭ አልመጣብሽም። ልጅ ሳለሽ ጉድፍ ወጥቶብሽ እንደነበር አያቴ ትነግረን ነበር። ጉድፉ ሲድን ያመጣው ቫይረስ ከሰውነት አይወጣም፤ አከርካሪ አጠገብ ባሉ የነርቭ ሥሮች ውስጥ ዕድሜ ልኩን ተደብቆ ይኖራል። የሰውነት መከላከያ የደከመ ዕለት ያንኑ ነርቭ ተከትሎ ይወጣል። ቁስሉ በአንድ ጎንሽ ብቻ እንደ መቀነት የዞረውም፣ እንደ እሳት የሚለበልብሽም ለዚህ ነው። በተወጋሽው ክትባት ውስጥ ይህ ቫይረስ የለም።

ታዲያ ለምን በዚያው ሰሞን? ያ ውሻችን ትዝ ይልሻል? የቤቱን ሰው እየነከሰ ሲያስቸግር አባቴ አሰረው፤ በሳምንቱ ጅብ በጓሮ ገብቶ በጉን ወሰደብን። ያንቺም የመገጣጠሚያ ሕመም፣ ሐኪሞቹ ሩማቶይድ አርትራይተስ የሚሉት፣ እንዲሁ ነው፤ የሰውነትሽ መከላከያ የገዛ አካልሽን ይነክሳል። ፕሬድኒሶሎኑና በየሳምንቱ ሐሙስ የምትወስጂው ሜቶትሬክሴት ገመዶቹ ናቸው። ጣቶችሽ ተፈትተው ዳግም ምጣድ ፊት የተቀመጥሽው በእነርሱ ነው። ግን ውሻው ሲታሰር ጅቡ፣ ያ የተደበቀው ቫይረስ፣ ይደፍራል። ይህ ሕመም ያለበት ሰው ክትባት ባይወስድም እንኳ አልማዝ ባለጭራ የሚወጣበት ዕድል ከሌላው ሰው እጥፍ ያህል ነው።

ስለ ክትባቱም የተጻፈውን ፈልጌ አንብቤያለሁ። በፈረንጆቹ 2021 የእስራኤል ሐኪሞች እንዳንቺ ያለ ሕመም ያለባቸውን 491 ሰዎች ከፋይዘር ክትባት በኋላ ተከታትለው ነበር፤ 6ቱ ላይ አልማዝ ባለጭራ ወጣ። ሕመሙ ከሌለባቸው 99 ሰዎች በአንዱም ላይ አልታየም። ቁጥሩ ትንሽ ስለሆነ ያመጣው ክትባቱ ነው ብሎ ለመፍረድም፣ ከነገሩ የለበትም ብሎ ለመማልም አይበቃም። እኔን ያጽናናኝ የስድስቱ መጨረሻ ነው፤ ሁሉም ዳኑ፣ አምስቱም ሁለተኛውን ዙር ወሰዱ፣ ምንም አልሆኑም።

የሚቆጨኝ ሌላ ነው። የወጋሽ ባለሙያ ምን መድኃኒት እንደምትወስጂ አልጠየቀሽም፤ እኔም ንገሪያቸው አላልሁሽም። ሜቶትሬክሴት ክትባቱ የሚገነባውን መከላከያ ያሳንሳል። ስለዚህ ሕመሙ የረጋለት ሰው ከክትባት በኋላ መድኃኒቱን አንድ ወይም ሁለት ሳምንት እንዲያቆየው ሐኪሙ ሊያዝ ይችላል። በራስ ፈቃድ የሚደረግ ነገር ግን አይደለም። ያልተከተበ ሰው ያህል ተጠንቀቂ የምልሽ ለዚህ ነው፤ ከተከተብሽም በኋላ ኮሮና ሊይዝሽ ይችላል። ሁለተኛው ቁጭቴ ቅጠል እየተቀባሽ ያሳለፍሽው አምስት ቀን ነው። የአልማዝ ባለጭራ መድኃኒት የሆነው አሲክሎቪር በደንብ የሚሠራው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው። ምነው በዚያው ቀን በነገርሽኝ!

አሁን ወደ እሁዱ ልመለስ። እማዬ፣ ፕሬድኒሶሎን በአንድ ጀንበር አይቆምም። ከኩላሊት በላይ ያሉት ዕጢዎች ሰውነት በየቀኑ የሚያስፈልገውን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ራሳቸው ያመርታሉ። አንቺ ዓመታት ሙሉ በክኒን ስትሰጫቸው ግን ሥራቸውን ትተዋል። ድንገት ብታቆሚ ቶሎ አይነቁም፤ አቅም ይከዳሻል፣ ያስመልስሻል፣ የደም ግፊትሽ ይወርዳል፤ ሰው ይሞትበታል። እንደዚህ ገልጬ መጻፍ ከብዶኛል፤ ደብቄሽ ከምጸጸት ግን ይሻለኛል። መቀነስ ካለበት ሐኪምሽ በጥቂት በጥቂቱ ይቀንሰዋል።

ጸበሉን ተዪ የሚል ልጅ አልወለድሽም። አቡነ ጳውሎስ በሕይወት ሳሉ የኤችአይቪ መድኃኒት ከጸበል ጋር አብሮ እንዲወሰድ ተናግረው ነበር፤ ለዚያ የተፈቀደው ላንቺ አይከለከልም። ክኒኑን በጾሙ ምክንያት ወደ ዘጠኝ ሰዓት እንዳሳለፍሽውም አውቃለሁ። የታዘዘልሽ ጠዋት ከምግብ ጋር ነው። የንስሐ አባትሽን ጠይቂያቸው፤ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ።

ሕፃኗንም እንዳታቅፊ ፈርተሻል አሉኝ። ፍርሃትሽ መሠረት ነበረው፤ ውሃ የቋጠረው ቁስል ጉድፍ ያልወጣበትን ልጅ ያስይዛል። አሁን ግን ሁሉም ደርቆ ቀርፍቷል፤ እቀፊያት። ስትናፍቅሽ ከርማለች።

ታኅሣሥ 27 እመጣለሁ። ገናን አብረን እንውላለን፤ በማግሥቱ አንቺና እኔ የመድኃኒት ፓኮዎችሽን በሙሉ ይዘን ሐኪምሽ ዘንድ እንሄዳለን፤ ስለሚቀጥለው ክትባትም እርሱ ፊት ተነጋግረን እንወስናለን። ለጥምቀትም ቀሃን ተሻግረን ፋሲል መዋኛ እንወርዳለን፤ ግፊያው ሳይጀምር በማለዳ፣ አፍንጫና አፋችንን ሸፍነን፣ ከጥላው በኩል። በርጩማሽን እኔ እይዛለሁ።

ጉልበትሽን ስሜያለሁ።

ልጅሽ