ባትሪው ላይ የተጻፈውን ቮልት አትመኑ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

አዲስ አበባ ውስጥ ትንሽ ጋራዥ አለኝ። ባለፈው ወር ረዳቴ ዕቁብ ደርሶት በባትሪ የሚሠራ የጎማ መፍቻ ገዝቶ መጣ። ባትሪው ላይ በትልቁ «128 ቪኤፍ» ይላል፤ ላየው ሰው 128 ቮልት ይመስላል። ልጁ ደስታውን አልቻለውም። የሚኒባስ ጎማ ላይ ሲሞክረው ግን ማሽኑ ይጮኻል እንጂ ብሎኑ ንቅንቅ አላለም።

ባትሪውን በቴስተር ለካነው። 20.4 ቮልት! ሽፋኑን ስንፈታው ከጣት ባትሪ ወፈር ያሉ አምስት ሴሎች በተከታታይ ተያይዘዋል። አንዱ ሴል ጢም ብሎ ሲሞላ 4.2 ቮልት ነው። አምስቱ ቢደመሩ ከ21 አያልፉም። 128 የሚለው ጽሑፍ ብቻ ነው። ልጁ ሴሎቹን እያየ ዝም አለ። የስንት ወር ዕቁብ ነው፤ አንጀቴን በላው። ሊመልሰው ቢሄድ ሻጩ «የተፈታ ዕቃ አልቀበልም» አለው። ለሌሎቻችሁ የምለው፣ ሱቁ ውስጥ እያላችሁ ለኩት፤ አትፍቱት።

ባትሪ አይረባም እያልኩ አይደለም። መንገድ ላይ ለቆመ መኪና የሚጠራ መካኒክ ደህና ባትሪ ካገኘ ሌላ አያስፈልገውም። መብራት ሲጠፋም ሥራው አይቆምም።

ቋሚ ቦታ ላለው ግን በኮምፕሬሰር ንፋስ የሚሠራ መፍቻ ይሻላል። የንፋስ መፍቻ ውስጥ የሚቃጠል ጥቅል ሽቦ የለም። እኔ ጠዋት ሁለት ጠብታ ዘይት አደርግበታለሁ፣ ማታ የኮምፕሬሰሩ ጋን ውስጥ የተጠራቀመውን ውሃ አፈሳለሁ፤ በቃ። አንድ ነገር ግን ብዙዎች አያውቁም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኮምፕሬሰሩ እዚህ ጋኑን የሚሞላው ቆላ ካለው ዘግይቶ ነው። አቅማችሁ ከፈቀደ ጉልበቱ ከፍ ያለውን ኮምፕሬሰር ግዙ።

በመብራት የሚሠራውን ባለገመድ መሣሪያ እኔ ለግራይንደር ብቻ ነው ያስቀረሁት። በቀጭንና ረጅም ማራዘሚያ ከሠራችሁበት ጉልበቱ ይወርዳል። ዘመድ ከአሜሪካ የላከላችሁ ከሆነ ደግሞ ጽሑፉን አንብቡ፤ የእነሱ 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ቻርጀርም ቢሆን እንደዚያው።

የሚመለከተው አካል እነዚህን ባትሪዎች ገበያ ከመግባታቸው በፊት ያስለካቸው። አንድ ቴስተርና አንድ ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

መካኒክ፣ ከአዲስ አበባ