ከጎን ክፍል የተሰማ ድምፅ (ደብዳቤ ለልጄ)

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናትህን ጉልበቷን ትንሽ አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

የላክኸው ፎቶ ደርሶኛል። ለንደን ውስጥ ቴምዝ ወንዝ ዳር ካለው ሐውልት አናት ላይ የተቀመጠውን አውሬ «ውሻ ነው አንበሳ?» ብለህ ጠይቀኸኛል። ከጀርባው የተጻፈውን ስም አይተህም «አባዬ፣ የታክሲያችን ዊንጌት እዚህ ምን ያደርጋል?» ብለሃል። ከልቤ ሳቅሁ። ረዳቱ በመስኮት ብቅ ብሎ «ዊንጌት፣ አስኮ!» እያለ ቀኑን ሙሉ የሚጠራው ስም የሰው ስም መሆኑን እኔም በስሙ በተሰየመው ትምህርት ቤት እየተማርሁ፣ ደብተሬ ላይ እየጻፍሁት እንኳ ብዙ አላሰብሁበትም ነበር። ኋላ ግን ስለ ሰውየው ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ። ስለዚህ የጠየቅኸኝን ልመልስልህ፤ ያልጠየቅኸኝንም እግረ መንገዴን እነካካዋለሁ።

አውሬው ቺንቴ ይባላል። በርማ (የዛሬዋ ሚያንማር) ውስጥ የቤተ መቅደስ በር የሚጠብቅ አንበሳ መሳይ ፍጥረት ነው። የዊንጌት ወታደሮች በኋላ ቺንዲት የተባሉት ከእሱ ተወስዶ ነው።

ኦርድ ዊንጌት እ.ኤ.አ. በ1903 ሕንድ አገር ናይኒ ታል በምትባል ከተማ ከመኮንን አባት ተወለደ። ቤተሰቡ መጽሐፍ ቅዱስን ከእጁ የማያወጣ፣ ጠንካራ ሃይማኖተኛ ነበር። ዉልዊች በሚገኘው የጦር አካዳሚ ሲማር አንጋፋዎቹ ጥፋት ያገኙበትን ጀማሪ ልብሱን አስወልቀው፣ በሁለት ረድፍ ቆመው፣ በተቋጠረ ፎጣ እየገረፉ ያሳልፉትና መጨረሻ ላይ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ውኃ ውስጥ ይጥሉት ነበር። ተራው ዊንጌት ላይ ደረሰ። አልሮጠም። የመጀመሪያው ፊት ቆመና ዓይን ዓይኑን እያየ እንዲመታው ተገዳደረው። እጁ አልተነሣም። ሁለተኛውም፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። ረድፉን ጨርሶ ውኃው ውስጥ ራሱ ዘሎ ገባ።

አመሉ ግን አስቸጋሪ ነበር። ጥሬ ሽንኩርት እንደ ፍራፍሬ ይገምጣል፤ ገላውን ከመታጠብ ይልቅ በብሩሽ መፈተግ ይወዳል፤ እንግዳን ራቁቱን ሆኖ ያነጋግራል። አያትህ አግኝተውት ቢሆን ጠበል ሳይወስዱት አይቀሩም ነበር።

ሱዳን ውስጥ ከእኛ ድንበር አጠገብ ለዓመታት ሕገ ወጥ አዳኝና ባሪያ ፈንጋይ ሲያሳድድ ቆየ። እ.ኤ.አ. በ1938 ደግሞ ፍልስጤም ውስጥ አይሁድና እንግሊዛውያን የተቀላቀሉበት የሌሊት ጓድ አቋቋመ። አይሁድ «ወዳጃችን» አሉት። በአረብ መንደሮች ላይ ግን ጓዱ ጨካኝ ነበር፤ ይህን ሳላነሣ ባልፍ አድሏዊ እሆናለሁ። እስራኤል ውስጥ በስሙ የሚጠራ የወጣቶች መንደር እስከ ዛሬ አለ፤ ከኢትዮጵያ የሄዱ ብዙ ልጆችም አድገውበታል።

ወደ እኛው ልምጣ። የእንግሊዝ የመካከለኛው ምሥራቅ ጦር አዛዥ ጄኔራል ዌቬል ካርቱም ልኮት ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተገናኘ። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. ጃንሆይ ኦሜድላ ላይ ድንበር ተሻግረው ባንዲራ ሲሰቅሉ ዊንጌት አብሯቸው ነበር። ጦሩን «የጌዴዎን ጦር» አለው። በመጽሐፈ መሳፍንት በ300 ሰው፣ በችቦና በማሰሮ የምድያምን ሠራዊት በሌሊት ያስደነበረው ጌዴዎን ነው እንግዲህ። የዚህኛው ጦር ከ1,700 አይበልጥም፤ ሱዳናውያን፣ ኢትዮጵያውያንና ጥቂት እንግሊዛውያን ናቸው። ስንቁ የተጫነባቸው በሺህ የሚቆጠሩ ግመሎች የጎጃምን ዳገት አልቻሉትምና አብዛኞቹ በየመንገዱ አለቁ። ጦሩ ሌሊት ሌሊት ጥቂት ሆኖ እንደ ብዙ እየተኮሰ፣ በብዙ እጥፍ የሚበልጠውን የጣሊያን ጦር ከቡሬ አስለቅቆ እስከ ደብረ ማርቆስ ገፋው። ግንቦት ላይ ወሎ ውስጥ አጅባር የተከበበውን የጣሊያን አዛዥ «ክረምቱ ሳይገባ እንግሊዞቼን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከአርበኞቹ ጋር ትተዋወቃላችሁ» የሚል መንፈስ ያለው ደብዳቤ ጻፈለት። ጣሊያኑ አምስት ዓመት የሠራውን ያውቃልና እጁን ሰጠ።

እዚህ ላይ ልብ በል። ያ ደብዳቤ የሠራው በዊንጌት ብዕር ብቻ አይደለም። ጣሊያን የፈራው በጫካና በገደል አምስት ዓመት ያላስተኙትን ሰዎች ነው። ዊንጌት እኛ ዘንድ የቆየው ወራት ብቻ ነው፤ ስለ እሱ ማንበብ ስጀምር ትምህርት ቤቱ በስሙ መጠራቱ ቅር ያለኝ ለዚህ ነበር። አሁን ቅሬታዬ ለዝቧል። ብዙ የአገሩ ሹማምንት ኢትዮጵያን እንደ ተያዘ መሬት ሊያስተዳድሯት ሲያስቡ፣ እሱ የመጣነው ነፃ ልናወጣ ነው እያለ ተሟግቷል። ሚያዝያ 27 ቀን ጃንሆይ በመኪና አዲስ አበባ ሲገቡ፣ እሱ ቁምጣውን ለብሶ በነጭ ፈረስ ከፊት ከፊት ይሄድ ነበር።

ከዚያስ? ከዚያማ ሁለት ወር ሳይሞላ ካይሮ ሆቴል ውስጥ ብቻውን ተኝቷል። ማዕረጉ ከኮሎኔልነት ወደ ሻለቃነት ተመልሷል፤ በቁጣ የጻፈው ሪፖርት አለቆቹን አስቆጥቷል፤ ወባ ይዞት ኪኒን በገዛ እጁ ከልክ በላይ ይውጣል። የሠራው ሁሉ ከንቱ መሰለውና ሰኔ መጨረሻ ላይ አንድ ከሰዓት ራሱን ለማጥፋት ሞከረ።

ከጎኑ ባለው ክፍል ኮሎኔል ቶርንሂል የሚባል መኮንን ነበር። በር ሲቆለፍ ሰማ፤ ሰው በሩን ቢቆልፍ ማን ምን አገባው። ቀጥሎ አንድ ነገር ሲወድቅ ሰማ፤ እሱም ለብቻው ቢሆን ምንም አልነበረም። ቆልፎ መውደቅ ግን አላማረውም። ተነሥቶ ሄደ፤ አንኳኳ፤ መልስ ሲያጣ ሰው ጠርቶ በሩን አስከፈተ። ዊንጌት ሆስፒታል ደርሶ ተረፈ።

ይህን ሰው አስበው፤ ሐውልት የለውም።

የቀረው በፍጥነት ነው የሆነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ዌቬል እንደገና ፈለገው። በ1943 ወደ 3,000 ሰው ይዞ በርማ ጫካ ውስጥ ከጃፓኖች ጀርባ ገባ፤ 800 ያህሉ አልተመለሱም፤ ዋጋው ተገቢ ነበር አልነበረም የሚለው ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ቸርችል ኩቤክ ወዳለ ጉባኤ ይዞት ሄደ፤ ሜጀር ጄኔራል ሆነ። እ.ኤ.አ. ማርች 24 ቀን 1944 አውሮፕላኑ ሕንድ ውስጥ ማኒፑር ተራራ ላይ ወደቀ። 41 ዓመቱ ነበር። አብረውት ከሞቱት ብዙዎቹ አሜሪካውያን ስለነበሩ አጽማቸው ሳይለይ አሜሪካ፣ አርሊንግተን መካነ መቃብር በአንድነት አርፏል። ሚስቱ ሎርና እርጉዝ ነበረች፤ አንድ ልጁ የተወለደው አባቱ ከሞተ ከሳምንታት በኋላ በግንቦት ነው።

ልጄ፣ ፈተናው እንዳልሆነልህ ለእናትህ ነግረሃታል። ለእኔ ፎቶ ላክህልኝ። አልተቆጣሁም። ሦስት ቀን ሙሉ ስልክህ ዝግ ሲሆን ግን እኔ እዚህ ሆኜ ምንም አልሰማም፤ ለንደን ሩቅ ነው። ማታ ማታ ጮክ ብሎ በስልክ ያወራል እያልህ የምታማርርበት ያ ጋናዊ ልጅ ግን ይሰማል።

ቅዳሜ የሚመጣ ሰው አግኝተናል። እናትህ በርበሬና ሽሮ ቋጥራልሃለች። ዳቦ ቆሎው በሁለት ከረጢት ነው፤ አንዱ የአንተ፣ ሌላው የዚያ ልጅ። ራስህ በሩን አንኳኩተህ ስጠው፤ ስሙንም ጠይቅልኝ።

አባትህ