«የለም» የምትለው ቃል፦ ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ኃላፊዎች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለኢትዮጵያ ጤና መድን አገልግሎት ኃላፊዎች፣

ጤና ይስጥልኝ።

ለስድስት ዓመት በአንድ ገጠር ጤና ጣቢያ ፋርማሲ ውስጥ ሠርቻለሁ። የጤና ጣቢያውን ስም አልጠራም፤ ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለምና። በእነዚያ ዓመታት ከየትኛውም የመድኃኒት ስም በላይ በእጄ የጻፍኩት «የለም» የሚለውን ቃል ነው። ማዘዣው ላይ ከመድኃኒቱ ስም ጎን እጽፋለሁ፣ ማኅተም አደርግበታለሁ፣ በመስኮቱ እመልሳለሁ። ታካሚው ወረቀቱን ይዞ ከአስፋልቱ ማዶ ወዳለው የግል መድኃኒት ቤት ይሻገራል።

የማልረሳቸው አንዲት እናት አሉ። ደም ግፊት አለባቸው። ሁለት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው ነው የመጡት። የመድን ደብተራቸውን በፌስታል ጠቅልለው ነጠላቸው ጫፍ ላይ ቋጥረውታል። ካርድ በነጻ ወጣላቸው፣ ባለሙያ በነጻ አያቸው። እኔ ጋ ሲደርሱ ግን የግፊት መድኃኒታቸው አምሎዲፒን አልነበረም። «የለም እማማ፣ ከውጭ ይግዙ» አልኳቸው። ደብተሩን ያላየሁት መስሏቸው ፈትተው አሳዩኝ። «ልጄ፣ እኔ እኮ ከፍያለሁ» አሉኝ። ምን ብዬ እንደመለስኩላቸው አላስታውስም። ጥር ላይ የዓመቱ መዋጮ የሚከፈልበት የእድሳት ጊዜ ሲደርስ አልከፈሉም። በቀበሌው ሪፖርት ላይ የእሳቸው ቤት «ግንዛቤ የሚቀራቸው» ከተባሉት ጋር ተደመረ። እኔ ግን እኚህ እናት የጤና መድን ምን ማለት እንደሆነ በደንብ ገብቷቸው ነበር እላለሁ።

ይህን የምጽፈው መድኑ ይቅር ለማለት አይደለም። እንዲጸና ስለምፈልግ ነው። በ2003 ዓ.ም. በአራት ክልሎች፣ በ13 ወረዳዎች የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ሙከራ ሲጀመር «ገበሬ ሳይታመም ገንዘብ አያወጣም» ያሉ ብዙ ነበሩ። ገበሬው ግን ከፈለ። ከመድኑ በፊት አንድ ሰው ታሞ ሆስፒታል ሲገባ በሬ ይሸጣል፤ በሬው ሲሸጥ የሚቀጥለው ዓመት እርሻ አብሮ ይሸጣል። አሁን ለቀዶ ሕክምና ሄደው ደብተራቸውን ብቻ አሳይተው የተመለሱ ጎረቤቶች አሉኝ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ። ትልቅ ነገር ነው።

መድኑን ለሕዝቡ ስናስረዳ በእድር ነበር የምናስረዳው። ሁላችሁም ታዋጣላችሁ፣ ክፉ ቀን የመጣበት ይረዳበታል እንላለን። ሰው ወዲያው ይገባዋል። ግን እድር ሐዘን ቤት ደርሶ «ድንኳን የለንም፣ ተከራዩ» አይልም። ድንኳኑ ቢቀደድ ከጎረቤት እድር ይዋሳል እንጂ ሐዘንተኛውን ኪራይ አያስከፍልም። ሕዝቡ መድኑን የሚመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው። ሚዛኑንም የሰጠነው እኛው ነን።

«የለም» ከየት እንደሚመጣ እናንተ ታውቃላችሁ። ለሌላው አንባቢ ስል ግን ልዘርዝረው። ጤና ጣቢያ የቲቢ፣ የኤች አይ ቪ፣ የክትባትና የቤተሰብ ምጣኔ መድኃኒቶችን በመንግሥትና በለጋሾች ፕሮግራም በነጻ ያገኛል። የግፊቱን፣ የስኳሩን፣ አንቲባዮቲኩን ግን በራሱ የውስጥ ገቢ ነው የሚገዛው። የሰበሰበውን ገንዘብ ለራሱ እንዲጠቀምበት መፈቀዱ በ1990 ዓ.ም. የወጣው የጤና ፋይናንስ ስትራቴጂ ያመጣው ለውጥ ነው። ከዚያ በፊት ብሩ ወደ ግምጃ ቤት ይገባ ነበር። ለውጡ ጥሩ ሠርቷል። ታካሚው ካሸር ጋ ይከፍላል፣ ብሩ ተጠራቅሞ ተመልሶ መድኃኒት ይሆናል።

መድኑ ሲመጣ ይህ ዑደት ተቀየረ። አብዛኛው ታካሚ አባል ስለሆነ ካሸር ጋ የሚገባ ብር የለም። ጤና ጣቢያው ያከመውን ሁሉ ይመዘግባል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ሩብ ዓመቱ ሲያልቅ የክፍያ ጥያቄ ለመድኑ ያቀርባል። ጥያቄው ይመረመራል፣ የተሳሳተው ይመለሳል፣ ከዚያ ይከፈላል። እኔ በነበርኩበት ወረዳ አንዱ ሩብ ዓመት ሳይከፈል ሌላው የሚደረብበት ጊዜ ነበር። እስከዚያ ድረስ በምን ይገዛል? በዱቤ ይገዛል። ዱቤውም ወሰን አለው። ዕዳ ያለበት ጤና ጣቢያ እንደልቡ መድኃኒት አያወጣም። መደርደሪያው መሳሳት ይጀምራል። መጀመሪያ የሚያልቁት በየወሩ የሚወሰዱት፣ የግፊትና የስኳር መድኃኒቶች ናቸው።

ከሁሉ በላይ እንቅልፍ የነሳኝ ነገር እዚህ ላይ ነው። መድኃኒቱ ሲኖር መድኑ ይከፍላል። መድኃኒቱ ሲጠፋ መድኑ አይከፍልም። ስለዚህ መደርደሪያው ባዶ በሆነ ቁጥር ከመድን ቋቱ የሚወጣው ብር ያንሳል። ይህን ማንም ሆን ብሎ ያቀደው አይመስለኝም። አሠራሩ ግን እጥረትን ለቋቱ ቁጠባ፣ ለአባሉ ደግሞ ሁለተኛ ክፍያ አድርጎታል። ሁለት ጊዜ የከፈለ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። የሚያድሰው ሕመም የጠናበት ብቻ ይሆናል። ያኔ መዋጮው ይቀንሳል፣ ወጪው ይጨምራል፣ ክፍያው የባሰ ይዘገያል፣ መደርደሪያው የባሰ ይራቆታል።

የምጠይቃችሁ አንድ ነገር ነው። «የለም» የሚለው ቃል የመድኑ ዕዳ ይሁን።

በተግባር ቀላል ነው። አባሉ «የለም» ተብሎ ማኅተም የተደረገበትን ማዘዣ ይዞ ውል ወደተገባለት መድኃኒት ቤት ይሂድ፣ ብር ሳይከፍል መድኃኒቱን ይውሰድ፣ መድኑ ከመድኃኒት ቤቱ ጋር ይተሳሰብ። አዲስ አበባ ላይ የከተማው አስተዳደር ከሆኑት ከከነማ መድኃኒት ቤቶች ጋር በዚህ መልክ መሥራት ተጀምሯል። የገጠር ወረዳ ከተማ ግን ከነማ የለውም። ያለው አንድ ወይም ሁለት የግል መድኃኒት ቤት ነው። ከእነሱ ጋር በተወሰነ ዋጋ ውል ይገባ። «ከገዛችሁ በኋላ ደረሰኝ አምጡና ይተካላችኋል» የሚለው መንገድ አይሠራም። ወረዳ ድረስ የመመላለሻው ትራንስፖርት ከክኒኑ ይበልጣል። መጀመሪያ የሚገዛበት ብር የሌለው ሰውማ ጭራሽ ደረሰኝ የለውም።

ሐሰተኛ ማዘዣ ይበዛል ትሉኝ ይሆናል። ስጋቱ እውነት ነው፤ በመስኮቱ ውስጥ ተቀምጬ አይቸዋለሁ። ማዘዣው ተከታታይ ቁጥር ይኑረው። የጤና ጣቢያው የስቶክ ካርድና የመድኃኒት ቤቱ ሒሳብ በየወሩ ይመሳከር። መድኃኒቱ መጋዘን ውስጥ እያለ «የለም» የተባለ እንደሆነ ከጤና ጣቢያው ክፍያ ላይ ይቆረጥ። አቅርቦቱ ከላይ ተቋርጦ ከሆነ ደግሞ በዚሁ መዝገብ ይታወቃል። አሁን ግን የማጭበርበሩን ስጋት ተሸክመው ያሉት እኚያ በነጠላ ጫፍ ደብተር የቋጠሩ እናት ናቸው።

ሁለተኛው ነገር ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ለጤና ጣቢያ የሚከፈለው ካከመ በኋላ ብቻ አይሁን። ታይላንድ በ2002 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ዜጋ የሚሆን የጤና ዋስትና በሕግ ስታቋቁም ለተመላላሽ ሕክምና በተመዘገበው ሰው ቁጥር ልክ አስቀድማ መክፈል መረጠች። ሰው በታከመ ቁጥር 30 ባት (የታይላንድ ገንዘብ) ብቻ ይከፍል ነበር። ጤና ተቋሙ በዓመቱ የሚገባለትን ብር አስቀድሞ ያውቃል፤ መድኃኒት ለመግዛት ቅጽ እስኪመረመር አይጠብቅም። ግን በጭፍን አትቅዱት። ጋና ይህንኑ በ2012 እ.ኤ.አ. አሻንቲ ክልል ላይ ሞክራው ብዙ ተቃውሞ ገጥሟት በ2017 አቁማዋለች። በነፍስ ወከፍ የተከፈለው ተቋም ትንሽ ሰጥቶ ብዙ ማትረፍ ይችላል። ከበድ ያለውን ሁሉ ሪፈር ብሎ ይገላገላል። ስለዚህ እኔ የምመርጠው ቅይጡን ነው። የሩብ ዓመቱ ግማሽ በመጀመሪያው ሳምንት ይለቀቅ፤ ለመድኃኒት ግዢ ብቻ ይዋል። ቀሪው በተሰጠው አገልግሎት ተሰልቶ ይከፈል።

ደሞዝተኛውን የሚመለከተው የማኅበራዊ ጤና መድን አዋጅ ቁጥር 690/2002 ራሱን የቻለ ደብዳቤ ይፈልጋል። ከሠራተኛው ደሞዝ 3 በመቶ፣ ከአሠሪው 3 በመቶ ተብሎ ታስቦ ለዓመታት ሳይተገበር ቆየ። መምህሩና ነርሱ ቅሬታ ያሰሙት ስግብግብ ሆነው አይመስለኝም። ፋርማሲ መስኮት ላይ ምን እንደሚባል ስለሚያውቁ ነው።

ጊዜውም አይጠብቅም። በቅርብ ዓመታት በተሠሩት የጤና ወጪ ጥናቶች መሠረት ከአገሪቱ የጤና ወጪ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ከውጭ እርዳታ፣ አንድ ሦስተኛ ያህሉ ደግሞ በቀጥታ ከታካሚው ኪስ የሚወጣ ነው። በጥር 2017 ዓ.ም. አሜሪካ እርዳታዋን ስታቆም የመጀመሪያው ምሰሶ ሲነቃነቅ ሁላችንም አይተናል። ነገ በፕሮግራም የሚመጡት መድኃኒቶች ከቀነሱ እነሱም የሚገዙት ከዚያው ከውስጥ ገቢ ነው። ዛሬ አምሎዲፒን መግዛት ያቃተው ጤና ጣቢያ ነገ የቲቢ መድኃኒት ግዛ ቢባል ምን ያደርጋል?

በዚህ ዓመትም አዝመራው ሲሰበሰብ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ከቀበሌ ሰዎች ጋር መዋጮ ለመሰብሰብ ቤት ለቤት ይወጣሉ። የብዙዎቹን ድካም አውቀዋለሁ። በእኚያ እናት በር ላይ ሲቆሙ ሠራተኞቹ የሚጠየቁት «ስንት ነው?» ተብለው አይደለም። «መድኃኒቱስ?» ነው የሚባሉት። ከመውጣታቸው በፊት ይህን አንድ መልስ በደብዳቤ፣ በማኅተም አስይዟቸው፦ ጤና ጣቢያ ያጣኸውን መድኃኒት መድኑ ይከፍልልሃል።

ከአክብሮት ጋር፣
የቀድሞ የጤና ጣቢያ ፋርማሲ ባለሙያ