ከሀንት ሲት ወደ ድሬሳጅ ለምትሸጋገረው ልጄ

ውድ ልጄ፣

ሀንት ሲት የሚባለውን የመሰናክል ዝላይ አጋላለብ ትተሽ ፈረሱ የተወሰኑ እንቅስቃሴዎችን በጋላቢው ስውር ምልክት በትክክል ወደሚፈጽምበት ወደ ድሬሳጅ ለመዛወር መወሰንሽን የገለጽሽበት ደብዳቤ ደርሶኛል። ውሳኔሽን እደግፋለሁ፤ «እንግዲህ ሁሉንም ከዜሮ ልጀምር ነው» ባልሽው ግን አልስማማም።

ጣሊያናዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን ፌደሪኮ ካፕሪሊ (1868–1907 እ.ኤ.አ.) የዛሬውን የዝላይ አቀማመጥ ከማስተማሩ በፊት፣ ፈረሰኞች መሰናክል ሲያልፉ ወደ ኋላ ተለጥጠው የፈረሱን አፍ ይጎትቱ ነበር። እርሱ ግን ፈረስ ሲጋልብና ሲዘል ሚዛኑ ወደ ፊት እንደሚሄድ ስለተገነዘበ፣ ጋላቢው እርካቡን አሳጥሮና መቀመጫውን ከኮርቻው አንሥቶ ያንን ሚዛን እንዲከተል አደረገ። ድሬሳጅም የሚጠይቅሽ ይህንኑ ነው። ልዩነቱ፣ ፈረሱ ክብደቱን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ እግሮቹ እንዲያሳርፍ ስለሚሠለጥን፣ የምትከተይው ሚዛን ወደ ኋላ መምጣቱ ብቻ ነው። ጆሮሽ፣ ትከሻሽ፣ ዳሌሽና ተረከዝሽ በአንድ ቀጥተኛ መስመር ላይ ይዋሉ ሲሉሽም ምክንያቱ ይኸው ነውና ለመልክ ብቻ የተደነገገ ሥርዓት አይምሰልሽ።

እርካብሽን በአንድ ቀን አታስረዝሚው። ዳሌሽ ሳይከፈት እርካቡ ከረዘመ በእግር ጣትሽ ጫፍ ትፈልጊዋለሽ፣ ሚዛንሽም ይጠፋል። ተረከዝሽን አጥብቀሽ ወደ ታች የመግፋት ልማድሽም እዚህ አይጠቅምሽም፤ እግርሽን ወደ ፊት ያሸሸውና ወንበር ላይ እንደ ተቀመጠ ሰው ያደርግሻል። በሶምሶማ ሳትነሺ መቀመጥ በጣም እንደሚያስቸግርሽ እገምታለሁ። የዚያን ጊዜ በጉልበትሽ ቆንጥጠሽ ለመያዝ ትሞክሪያለሽ፤ ቆንጥጦ የያዘ ጉልበት ግን ጋላቢውን ከኮርቻው ወደ ላይ ይገፋዋል እንጂ አያስቀምጠውም። አሠልጣኝሽ ፈረሱን በረጅም ገመድ በክብ እያዞረች፣ አንቺ ያለ እርካብና ያለ ዛብ የምትቀመጪበትን ትምህርት አሰልቺ ቢሆንም አትዝለይው። በ1952 እ.ኤ.አ. በሄልሲንኪ ኦሊምፒክ በድሬሳጅ የብር ሜዳሊያ ያገኘችው ዴንማርካዊት ሊስ ሃርቴል በፖሊዮ ምክንያት ከጉልበቷ በታች እግሮቿን ማዘዝ አትችልም ነበር፤ ፈረሷን የምትመራው በዋናነት በመቀመጫዋና በክብደቷ ነበር።

ከሁሉ የሚከብድሽ ግን እጅሽ ይመስለኛል። ለዝላይ እጅሽን ወደ ጋማው ሰድደሽ ለፈረሱ ነጻነት መስጠትን ተምረሻል፤ በድሬሳጅ እጅሽ ከአፉ ጋር ያለው ግንኙነት ሳይቋረጥ ሊኖር ይገባል፣ ይህንንም በመጀመሪያ ጭካኔ አድርገሽ ልትቆጥሪው ትችያለሽ። ፈረሱን የሚያውከው የጸና ግንኙነት ሳይሆን አንዴ የሚላላ፣ አንዴ ደግሞ በድንገት የሚወጠር ዛብ ነው። በእርምጃና ካንተር በሚባለው ለስለስ ያለ ግልቢያ የፈረሱ ራስ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስለሚንቀሳቀስ ክርንሽ ተከፍቶ እየተዘጋ ይከተለው፤ በሶምሶማ ራሱ ስለሚረጋ የአንቺም እጅ ይርጋ። አንገቱን ለማጉበጥ ብለሽ ግን ዛቡን ወደ ኋላ አትጎትቺ (ይህን የሚመክርሽ ብዙ ሰው ይገጥምሻል)። በውስጠኛው (ወደ ክቡ መሐል በሚውለው) እግርሽ ስትገፊው ጉልበቱ ከኋላ እግሮቹ ተነሥቶ በጀርባው አልፎ ወደ ውጨኛው ዛብሽ ይመጣል፤ አንገቱ የሚታጠፈው ከዚያ በኋላ በራሱ ነው።

ውድድሩም ይለያል። ሀንተር በሚባለው የሀንት ሲት ውድድር ዳኛው አጠቃላይ አካሄዱን አይቶ ፈረሶቹን እርስ በርስ ያወዳድራል፤ በድሬሳጅ ግን 20 በ40 ወይም 20 በ60 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ነጥብ ይሰጥሻል። የ20 ሜትር ክብሽ እንቁላል ከመሰለ ፈረስሽ ምንም ቢያምር ነጥብ ይቀነስብሻል። አንቺ ትክክለኛነትን ስለምትወጂ ይህ የሚስማማሽ ይመስለኛል።

የድሬሳጅ ኮርቻ ለመግዛት አትቸኩዪ። አሁን የሚመችሽ ኮርቻ ጭንሽ ወደ ታች ከረዘመ በኋላ ላይመችሽ ስለሚችል ለጊዜው ተውሰሽ ተጠቀሚ፤ የተዋስሽውም ቢሆን አስቀድሞ ለፈረሱ ጀርባ የሚስማማ መሆኑን አረጋግጪ። ዝላዩንም ፈጽመሽ አትተዪው፤ አልፎ አልፎ ዝቅተኛ መሰናክሎችን ማለፍ የፈረሱን ጀርባ ያፍታታል፣ በሜዳው ውስጥ ከሚደጋገመው ሥራም ያሳርፈዋል። የመጀመሪያው የውጤት ወረቀትሽ ሲደርስሽ ከነጥቡ ይልቅ ዳኛው በጎን የጻፈልሽን አስተያየት ገልብጠሽ ላኪልኝ፤ ቀጥሎ በምን ላይ መሥራት እንዳለብሽ ከዚያ ተነሥተን እንነጋገራለን።

አባትሽ