ስለ ሲስተር ሚርያም ስቲምሰን የጻፋችሁት ላይ ትንሽ ልጨምር

ሰላም ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ሴት ሳይንቲስቶች ያወጣችሁትን አነበብኩት፣ ደስ ይላል፣ ግን ሲስተር ሚርያም ማይክል ስቲምሰንን በሁለት መስመር "ዲኤንኤን ያገኙት መነኩሲት" ብላችሁ ማለፋችሁ ከነከነኝ። ሴትየዋ ዲኤንኤን አላገኙም፣ የሰሩት ስራ ደግሞ ማጋነኛ ምናምን አያስፈልገውም እኮ። (ርእሱ ላይ "ሲስተር" ብቻ ብላችሁ ስለተዋችሁት አንድ ጓደኛዬ እስከ መጨረሻው ነርስ ናቸው ብሎ ነው ያነበበው።)

እኔ ላብራቶሪ ነው ምሰራው። የአንድ ጠጣር ነገር ኢንፍራሬድ ስፔክትረም (ከማይታየው የኢንፍራሬድ ጨረር የቱን ምን ያህል እንደሚውጥ የሚያሳይ ግራፍ) ሲፈለግ ከናሙናው 1 ሚሊግራም ገደማ እወስድና ከ200 ሚሊግራም ፖታሲየም ብሮማይድ ጋር በትንሽ ሙቀጫ ድቅቅ አድርጌ ፈጭቼ ፕሬስ ውስጥ ከትቼ እስከ 10 ቶን እጫነዋለሁ፣ ያ ነጭ ዱቄት እንደ መስታወት ጥርት ብሎ የሸሚዝ ቁልፍ የምታክል ክብ (ፔሌት እንላታለን) ሆኖ ይወጣል። መጀመሪያ ያየሁት ቀን አስማት ነው የመሰለኝ። ዱቄቱ እርጥበት ይወዳል፣ ኦቭን ውስጥ በደንብ ሳይደርቅ ከተጫነ ፔሌቷ ጉም የለበሰች ትሆናለች፣ ስፔክትረሙ ላይም 3400 cm⁻¹ (የሞገድ ቁጥር ነው) አካባቢ የውሃ ጉብታ ቁጭ ይላል። ተማሪ እያለሁ ይቺን ጉብታ አይቼ "ሞለኪዩሉ ኦኤች ግሩፕ (የተጣመሩ ኦክስጅንና ሃይድሮጅን) አለው" ብዬ ሪፖርት ጽፌ ጉድ ሆኛለሁ፣ ለካ እርጥበት ነው።

እንግዲ ይቺን ዘዴ በ1952 (አመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ያወጡት እሳቸው ናቸው፣ ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር። እውነቱን ለመናገር ጀርመኖችም በዛው አመት ለብቻቸው ደርሰውበታል። ከዛ በፊት ጠጣሩን ፓራፊን ዘይት ውስጥ ለውሶ ማየት ነበር፣ ችግሩ ዘይቱ ራሱ ኢንፍራሬድ ይውጣል፣ የናሙናው የቱ ነው የዘይቱ የቱ ነው እያሉ መደናበር። ውሃ ውስጥ ላሟሟው ካልክም ውሃው ጨረሩን ከመዋጡ በላይ ከጨው የተሰራውን የማሽኑን መስኮት ያሟሟዋል። ፖታሲየም ብሮማይድ ግን ጨረሩን ዝም ብሎ ያሳልፋል።

የዲኤንኤው ነገር ሚመጣው እዚ ጋ ነው። ሲስተር ያጠኑ የነበሩት እንደ ሳይቶሲን ያሉትን ቤዞች፣ ማለትም ዲኤንኤ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው የሚጣመሩትን ክፍሎች ነበር፣ ወደዛ ያስገባቸውም ሲንሲናቲ ከተማ በነበረ ካቶሊካዊ የምርምር ተቋም የጀመሩት የካንሰር ጥናት ነው፣ ፒኤችዲያቸውንም በ1948 የያዙት እዛው ነው። ጥያቄው በነዚ ቤዞች ላይ አንዷ ሃይድሮጅን ናይትሮጅን ላይ ናት ወይስ ኦክስጅን ላይ ሚል ነው፣ ቀልድ ይመስላል ግን ሃይድሮጅኗ ቦታ ከሳተች ቤዞቹ በትክክል አይጣመሩም። የዲኤንኤን ቅርጽ ካገኙት አንዱ የሆነው ዋትሰን ራሱ በ1953 ከመማሪያ መጽሃፍ የተሳሳተውን ቅርጽ ይዞ ሲታገል ኬሚስቱ ጄሪ ዶናሂው ነው ያረመው። የሲስተር ስራ የነዚን ቤዞች ቅርጽ በኢንፍራሬድ ማየት የሚቻልበትን መንገድ ሰጠ። እዚ ጋ ያቁም፣ ከዚ በላይ ሲጎተት ውሸት ይሆናል፣ ሰው አንዴ ውሸቱን ካወቀ ደግሞ እውነቱንም አያምንም።

እኔን ከሁሉ በላይ የገረመኝ ግን ይሄ ሁሉ የተሰራበት ቦታ ነው። ትልቅ ዩኒቨርሲቲ እንዳይመስላችሁ፣ አሜሪካ ሚሺጋን ውስጥ አድሪያን በምትባል ከተማ ሲየና ሃይትስ የሚባል ያኔ ትንሽ የሴቶች ኮሌጅ ነበር፣ የራሳቸው የዶሚኒካን መነኮሳት ማህበር ኮሌጅ። ከ1939 ጀምረው ኬሚስትሪ ያስተምራሉ፣ ምርምሩንም ገና ዲግሪ ያልያዙ ተማሪዎቻቸውን አስገብተው ነው የሚሰሩት። የማስተማር ጫና እያለ ምርምር አይታሰብም የምንል ሰዎች (እኔም አለሁበት) ምን እንደምንል አላውቅም። በ1953 ፓሪስ ሶርቦን ዩኒቨርሲቲ ሄደው ስለዚ ዘዴ ንግግር አድርገዋል፣ ከዛ ተመልሰው ያው ክፍል ገብተው ማስተማር። ያረፉት በ2002 ነው።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፣ ድረገጹ ላይ ያለውን ጽሁፍ አሁንም ማስተካከል ይቻላል አይደል? "ዲኤንኤን ያገኙት" የሚለው ይውጣና ፖታሲየም ብሮማይዱ ይግባ፣ የተማሪዎቹም ነገር አንድ መስመር ቢጨመር። ፎቶው ስር "ሲስተር" ከሚለው ጎን "ኬሚስት" በሉበት፣ ጓደኛዬም ይረፍ።

አንባቢያችሁ ነኝ