ውሃ የጨመርኩት እኔ ነበርኩ

ወዳጄ፣ ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ይህን ሁሉ ዓመት ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ደብዳቤ ሲደርስህ ግር እንደሚልህ አውቃለሁ። ሥራ በዝቶብኝ ነው ልልህ አስቤ ነበር፤ ግን የምጽፍልህ ስለ ውሸት ስለሆነ ይቅር።

ኢንጂነሪንግ ኮሌጁ ውስጥ አስተማሪ ሆኜ መመለሴን ሳትሰማ አትቀርም። ያ የማቴሪያል ላብራቶሪ አሁን በእኔ እጅ ነው። መጭመቂያ ማሽኑም ያው የኛው ነው። ዩኒቨርሲቲው ሕንፃ ይጨምራል እንጂ የላብ ዕቃ መግዛት ላይ እጁ አይፈታም። (ይኼን ለዲኑ እንዳትነግርብኝ።)

ባለፈው ሳምንት አንድ ግሩፕ የኮንክሪት ሪፖርት አስገባ። ማሽኑ ላይ ተጨምቀው የተሰበሩት ሦስቱም የሙከራ ኩቦች ጥንካሬ 25.8 ሜጋፓስካል ይላል። ከአንድ ቅልቅል የወጡ ቢሆኑም እንኳ ሦስት ኩቦች ነጥብ ሳይለያዩ አይሰበሩም። ክፍል ገብቼ በስም ሳልጠራቸው የኩቤክን ድልድይ ነገርኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1907 ካናዳ ውስጥ ገና እየተሠራ ሳለ ተደርምሶ 75 ሠራተኞች የሞቱበትን። የመካከለኛው ክፍል ርዝመት ከ488 ወደ 549 ሜትር ሲያድግ ክብደቱ በወጉ እንደገና አልተሰላም ነበር። ብረቶቹ መጉበጥ መጀመራቸውን ሥራው ላይ ያሉት ለክተው አይተዋል፤ ሥራው ግን በጊዜ አልቆመም።

ሁሉም ጸጥ አሉ። ከኋላ አንዷ እጇን አወጣች፦ «እርስዎስ ተማሪ ሳሉ ያገኙትን ብቻ ነበር የሚጽፉት?»

መልስ አጣሁ። አንተ ነህ ፊቴ ድቅን ያልከው።

ያንን 25 ሜጋፓስካል ይወጣዋል ያልነውን ኮንክሪት መቼም አትረሳውም። 150 ሚሊሜትር ኩቦች፣ 28 ቀን ውሃ ውስጥ። የመጀመሪያው 560 ኪሎኒውተን ገደማ መሸከም ሲገባው 405 ላይ ጧ አለ። 18 ሜጋፓስካል! ሌሎቹም ከዚያ ብዙ አልራቁም። አንተ ሚዛኑን ጠረጠርክ፣ አሸዋውን ጠረጠርክ፣ ስሌቱን ሦስት ጊዜ ደገምክ። እኔ አጠገብህ ቆሜ ዝም አልኩ።

ቅልቅሉ ደርቆ አካፋው ሲከብደኝ፣ አንተ የኩቦቹን ቅርጽ ማውጫዎች ዘይት ልትቀባ ዞር ስትል፣ ውሃ የጨመርኩበት እኔ ነበርኩ። ከግማሽ ባልዲ አያንስም። ስሚንቶው የሚበቃውን ያህል ወስዶ የተረፈው ውሃ ቦታውን ለቀዳዳ ትቶ እንደሚሄድ ፈተና ላይ በሚገባ ጽፌዋለሁ፤ ሙሉ ማርክም አግኝቼበታለሁ።

ከዚያ እኛ የቀረነው የግሩፑ ልጆች 25.6 ብለን ጻፍን። አንተ ለብቻህ 18ን ጽፈህ፣ «ምክንያቱን አላወቅኩትም» ብለህ አስገባህ። አራሚው ከክፍሉ ዝቅተኛውን ሰጠህ፣ እኛም ሳቅንብህ። ምክንያቱን የማውቀው እኔም አብሬ ሳቅኩ። ከተመረቅን በኋላ ስልክህን ባየሁ ቁጥር ያ ሳቅ ይመጣብኛል፤ የጠፋሁብህ ለዚህ ነው።

ለልጅቷ በማግስቱ እውነቱን ነገርኳት፤ ክፍሉ ሁሉ እየሰማ። ግሩፑ ሪፖርቱን መልሶ ወሰደ፤ አዲሶቹ ኩቦች አሁን ገንዳ ውስጥ ናቸው፤ 28 ቀናቸው ገና አልሞላም።

ያ ሪፖርትህ ከወረቀቶችህ መካከል ካለ ላክልኝ። ላብራቶሪው ግድግዳ ላይ ልለጥፈው እፈልጋለሁ። ስምህን ልሸፍነው ወይስ ይታይ?

ያንተው